ከኮምቦልቻ ለሚሳፈሩ ቤተ ሰቦች፤ ስለ ማይል አያያዝ

ደሴ ተቀምጦ በአይሮፕላን እሄዳለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ በመኪና ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ ግድ ይሆንበታል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በብርድ አገር ተቀምጣ ሳለ የአይሮፕላን ማረፊያው የሚገኘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ 600 ሜትር ያህልም ዝቅ ብሎ፥ በቦርከና ሸለቆ ነውና። በቲኬቱ ላይ የሚታተመው «ዲ ኤስ ኢ» የሚል ምልክት ከደሴ ስም የተወሰደ ሆኖ ሳለ መሳፈሪያው ኮምቦልቻ መሆኑ እንግዳውን ሰው ግራ ቢያጋባውም፥ የወሎ ሰው ግን ከለመደው ቈይቷል።

ባለፈው ጥቅምት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ልንቀበል በጧት ወደዚያ ወርደን ነበር። ሰዓቱ ገና ስለ ነበረ ከበሩ ፊት ለፊት ካለች አንዲት ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ከአጠገባችን አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ከሴት ልጃቸው ጋራ ተቀምጠዋል። ልጂቱ በጅዳ ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ ናት፤ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ሥራዋ መመለሷ ነበር። ሻንጣዋ በበርበሬና በሽሮ ተሞልቶ በገመድ ታስሯል፤ እናቲቱም ገመዱ እንዳይላላ አሥር ጊዜ ይዳስሱታል። በዚያው ጠረጴዛ ዕቃ ከውጭ አገር እያስመጣ በደሴ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ተቀምጦ ነበርና ጨዋታ ሲጀመር ልጂቱን «ለመሆኑ ማይልሽን ታስቈጥሪያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ልጂቱ የምን ማይል እንደ ሆነ አላወቀችም። በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች፤ ነገር ግን ስለዚህ የነገራት ሰው የለም። «ቲኬቱን የምትገዛው መዳም ናት፤ ቢኖርስ የእሷ አይደለም ወይ?» አለች። ነጋዴው ግን «የለም እኅቴ፤ የሚቈጠረው ለከፈለው ሳይሆን በወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ነው» አላት። እናቲቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ሻንጣውን መዳሰሳቸውን ትተው «ታዲያ የስድስት ዓመቱ የት ገባ?» አሉ።

ለዚህ ጥያቄ ከእኛ ወገን መልስ የሰጠ አልነበረም። በደቡብ ወሎ ልጅ ወይም እኅት ዓረብ አገር የሌለው ቤት ጥቂት ነውና፥ ይኸው ጥያቄ በብዙ ቤት ሊነሣ የሚገባው ሆኖ ስላገኘነው፥ ጠይቀንና መርምረን የተረዳነውን ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ማይል የተባለው ነገር አየር መንገዶች ደንበኛቸው ወደ ሌላ እንዳይሄድባቸው የሚሰጡት የምስጋና ሒሳብ ነው። ሐሳቡ ከአይሮፕላን በፊት የነበረ ነው፤ በአሜሪካ አገር ባለ ሱቆች ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ዕቃ ለገዛ ሰው ቴምብር ይሰጡ ነበርና። ደንበኛው ቴምብሩን በደብተር እየለጠፈ ደብተሩ ሲሞላ ድስት ወይም ብርድ ልብስ ይወስድበታል። በ1973 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981) አሜሪካን ኤርላይንስ ይህንኑ ለመንገደኞች አደረገው፤ በቴምብሩ ፈንታ መንገደኛው የበረረው ርቀት በማይል ተቈጠረለት። ከዚያ ወዲህ ይህን ያላደረገ ታላቅ አየር መንገድ ጥቂት ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ሼባ ማይልስ የተባለ የመንገደኞች ማኅበር አለው። ለመመዝገብ ገንዘብ አይከፈልም። የተመዘገበ ሰው የአባልነት ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቲኬት ሲቈርጥ ወይም ለጉዞ ሲመዘገብ ቍጥሩን ከተናገረ የበረረው በስሙ ይጻፍለታል፤ ካልተናገረ ግን አይጻፍለትም። እናቲቱ «የት ገባ?» ያሉት ነገር እንግዲህ የትም አልገባም ማለት ነው፤ ጸሓፊ ስላልነበረው ሳይጻፍ ቀረ። አስቀድሞ አባል የነበረ ሰው ቍጥሩን ሳይናገር ቢሳፈር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወረቀቱን አቅርቦ ሊያስጽፍ ይችላል። አባል ከመሆን በፊት ከዓመታት በፊት የተደረገ ጉዞ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በሰማይ መንገድ 157 ማይል ያህል ነው። በመኪና ቢሆን በከሚሴና በደብረ ሲና አድርጎ፥ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ፥ ቀኑን ሙሉ የሚያስጕዘው መንገድ በአይሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው፤ ማይሉም እንደዚያው ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ጅዳ 870 ማይል ያህል፥ ዱባይ 1,560 ያህል፥ ነጋዴዎቻችን የሚመላለሱባት የቻይናዋ ጓንጁ 5,000 ያህል፥ ዋሽንግተን ደግሞ ከ7,000 በላይ ነው። በርቀቱ ብቻ ብንቈጥር እንግዲህ አንድ ጊዜ ጓንጁ ደርሶ የተመለሰ ነጋዴ ያገኘውን ያህል ለማግኘት ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ሠላሳ ጊዜ መመላለስ እንኳ አይበቃም። በዚህ ላይ የቲኬቱ መደብ ይታያል። በዝቅተኛ ዋጋ የተቈረጠ ቲኬት ከርቀቱ ከፊሉን ብቻ ሊያስቈጥር ይችላል፤ ከፍ ባለው መደብ የተቀመጠ ደግሞ ከርቀቱ በላይ ያገኛል።

ስለዚህ ለልጂቱና ለእናቷ እውነቱን መናገር ይገባል። በስድስት ዓመት ሦስት ጊዜ ጅዳ ደርሶ መመለስ፥ ከቤት እስከ ጅዳ ያለው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ቢቈጠር፥ ከ6,200 ማይል አይበልጥም፤ ቲኬቱ ርካሽ ከነበረማ ያነሰ ይሆናል። ይህ ሀብት አይደለም፤ ስለ ቀረባትም እንቅልፍ ልታጣ አይገባም። ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 923 የሠራተኛውን የመሄጃና የመመለሻ መጓጓዣ አሠሪው እንዲከፍል ያዝዛል፤ እንዲህ በሌላ ሰው ገንዘብ በተገዛ ቲኬት የሚመጣው ማይል ግን የተጓዡ ነው። አንዲት ልጅ ከዓመት ዓመት ካጠራቀመችው፥ እናቷ ታመው አዲስ አበባ ሐኪም ቤት መድረስ ባስፈለጋቸው ጊዜ ለኮምቦልቻው ቲኬት ሊረዳ ይችላል።

የማይል ሒሳብ ሁለት ዓይነት መሆኑንም ማወቅ ያሻል። አንደኛው ቲኬት የሚወጣበት ነው። ሁለተኛው የአባሉን ማዕርግ ብቻ የሚለካ ነው፤ ይኸውም በሼባ ማይልስ ሰማያዊ፥ ብር፥ ወርቅና ፕላቲኒየም እየተባለ ከፍ ይላል። ማዕርግ ያለው ሰው በልዩ የማረፊያ አዳራሽ ይቀመጣል ብለው የሚያደንቁ አሉ። እኛ ግን ከለስላሳው ወንበር ይልቅ ተጨማሪ የሻንጣ ኪሎ መፈቀዱ ለወሎ ቤተ ሰብ እንደሚበልጥ እናስባለን፤ ያ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ምስክር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሒሳብ የሚያጠፋው የስም አጻጻፍ ነው። በእኛ ፊደል ሙሐመድ አንድ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን በአንድ «ኤም»ም በሁለት «ኤም»ም፥ በ«ኦ»ም በ«ዩ»ም፥ መጨረሻውም በ«ኤ» ወይም በ«ኢ» ይጻፋል። ዘይነብና ፋጡማም እንዲሁ ናቸው። ልጂቱ በፓስፖርቷ አንድ ዓይነት፥ በኤጀንሲው ወረቀት ሁለተኛ ዓይነት፥ በአባልነት መዝገቡ ሦስተኛ ዓይነት ሆና ከተጻፈች የሒሳብ መዝገቡ ሦስት ሰው ያደርጋታል። አንዳንዱ ደግሞ የአያቱን ስም በአንዱ ጽፎ በሌላው ይተወዋል። ስለዚህ ለመመዝገብ የሚቀመጥ ሰው ፓስፖርቱን ከፊቱ ዘርግቶ፥ ፊደል ሳይጨምርና ሳያጐድል፥ እንደ ታተመው ይገልብጥ። ስሙ ተሳስቶ የተመዘገበም ቢሆን ሌላ አዲስ ቍጥር ከማውጣት የቀድሞውን ማሳረም ይሻላል፤ ያለዚያ ጥቂቱ ማይል በሁለት ቦታ ተከፍሎ ለምንም ሳይበቃ ይቀራል።

ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላው ነገር የአየር መንገዱ መለያየት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ ወደ ተባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ስለ ገባ፥ በሉፍታንዛ ወይም በተርኪሽ ወይም በኢጅፕት ኤር የተጓዘ ሰው ማይሉን በሼባ ማይልስ ሊያስጽፍ ይችላል። ሳውዲያ ግን ስካይ ቲም በሚባለው በሌላው ማኅበር ነው፤ ኤሚሬትስም ስካይዋርድስ የሚባል የራሱ ሒሳብ አለው። በአንዱ ሄዳ በሌላው የምትመለስ ሠራተኛ ማይሏ ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው። ቲኬቱን የሚመርጠው አሠሪው ሲሆን ምን ይደረጋል ቢሉ፥ የሚደረግ ነገር ጥቂት ነው፤ ምርጫ በተገኘ ጊዜ ግን ዋጋው እኩል ከሆነ ወደ ለመዱት መሄድ ይሻላል።

ዋጋው እኩል ከሆነ ማለታችንን አንባቢ ልብ ይበል። ያ ነጋዴ ሁለተኛውን ሻይ ካዘዘ በኋላ የራሱን ታሪክ አጫወተን። ብዙ ዓመት ጓንጁና ዱባይ ሲመላለስ በስሙ የተጻፈው ማይል እጅግ ብዙ ሆኖ ነበር። ሐሳቡም አንድ ነበር፤ እናቱን ይዞ ዑምራ ለመሄድ። ሁለቱም ተመችቷቸው በከፍተኛው መደብ እንዲሄዱ ብሎ «ይሙላ፥ ጥቂት ይጨመር» እያለ አስቀመጠው። ከዚህም አልፎ ማዕርጉ ከፍ እንዲል ብሎ በአንድ ዓመት መጨረሻ ላይ የሚያስቸኵል ጕዳይ ሳይኖረው ከሌላው የሚወደድ ቲኬት ገዝቶ ሄዶ ተመለሰ። «ዕቃውን ሸጬ ያተረፍሁትን በአየር ላይ በተንሁት» ብሎ ሳቀ። ይህ ግን ቀላሉ ነው። የሩቁ ማይል ጊዜው አልፎ ኖሮ፥ አንድ ቀን ሒሳቡን ቢከፍተው የዓመታቱ ከፊል ተሰርዟል። የቀረው በተራው መደብ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ እናቱ ጕልበታቸው ደክሞ ረጅም መንገድ የማይችሉ ሆነው ተገኙ። «ባንክ ያስቀመጥሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካስ በወንፊት የያዝሁት ውሃ ኖሯል» አለን። አሠሪና ሠራተኛ፥ ሀብታምና ድኻ ሳይለይ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ይጸጸታል፤ እሱም ይህን ሲናገር ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር።

በቀረው ምን አደረገበት? እናቱ ዓይናቸውን ይታመሙ ስለ ነበር በየጊዜው ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአይሮፕላን እየወሰደ ለሐኪም አሳያቸው። «ጣርማበርን በአውቶቡስ ከማውጣት አዳናቸው፤ ለዚህ ይሁን» አለ። እኛ ይህን ስንሰማ ከመጀመሪያውም ማይል ለእንዲህ ያለ ነገር የተሠራ መሰለን፤ ነገር ግን ስለ ዑምራው ለእሱ አልነገርነውም።

ማይል እንደ ዕቁብ አይደለም። ዕቁብ ዳኛና ጸሓፊ አለው፤ ዕጣህ ሳይወጣ ቢዘገይም ገንዘብህ አይቀርም። ማይል ግን ወለድ አይወልድም፤ አብዛኛው አየር መንገድ የጊዜ ገደብ ያደርግበታል፤ ለአንድ ቲኬት የሚጠየቀውንም የማይል ብዛት በደንቡ መሠረት ሊጨምረው ይችላል። መንገዱም ሁልጊዜ ክፍት አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ከዚህ የሚነሣ በረራ ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚረሳ የለም። ለሚጠቀምበት ሰው እንግዲህ የሚበጀው፥ የሚያስፈልገውን ጉዞ አስቀድሞ አስቦ፥ ለዚያ የሚበቃ ሲሆን ማውጣት ነው።

በማይል የወጣ ቲኬት ፈጽሞ ያለ ገንዘብ ነው ማለትም አይደለም። ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ በገንዘብ ይጠየቅበታል። ለማይል የሚለቀቀውም ወንበር የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ለዒድ ወይም ለአዲስ ዓመት በማይል እሄዳለሁ የሚል ሰው ከብዙ ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ይጠቅመኝ እንደ ሆነ በምን አውቃለሁ ለሚል አንባቢ አንድ ቀላል ሒሳብ እንስጥ፤ ቍጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። ቲኬቱ በገንዘብ ቢገዛ 12,000 ብር ነው እንበል። በማይል ሲወጣ 10,000 ማይልና 3,000 ብር ግብር ይጠየቃል። እንግዲህ ማይሉ ያተረፈው 9,000 ብር ነው፤ ለአንድ ማይል 90 ሳንቲም ደረሰው ማለት ነው። ያው 10,000 ማይል በሌላ ቀን ወይም ወደ ሌላ አገር አንድ ብር ከሃምሳ የሚያወጣ ከሆነ፥ የዛሬውን በገንዘብ ገዝቶ ማይሉን ለዚያ ማቈየት ይሻላል። ድንገት ለሚደርስ ለቅሶ ግን ይህ ሁሉ ስሌት አያሻም። የቅርብ ቀን ቲኬት በገንዘብ እጅግ ሊወደድ ስለሚችል፥ በማይል የሚለቀቅ ወንበር ከተገኘ ያን ጊዜ ማውጣት ነው።

በዓለም ብዙ አየር መንገዶች ዘንድ አባሉ በማይሉ ለእናቱ ወይም ለልጁ ቲኬት ሊያወጣ ይፈቀድለታል፤ የአወጣጡን ደንብና የጊዜውን ገደብ ግን ከአየር መንገዱ ቢሮ መጠየቅ እንጂ ከሰፈር ወሬ መስማት አይበቃም። ከሁሉ በላይ ከደላላ መጠንቀቅ ነው። «ማይልሽን ልግዛሽ» ወይም «እኔ ላውጣልሽ» ብሎ የምሥጢር ቍጥር የሚጠይቅ ሰው ሊሰርቅ የመጣ ነው ብሎ ማሰብ አይከፋም፤ ማይል መሸጥም በአየር መንገዶች ደንብ የተከለከለ ስለ ሆነ ሒሳቡ ተዘግቶ ሁሉም ሊጠፋ ይችላል። በስልክ የሚመጣውንም የማረጋገጫ ቍጥር ለማንም አለመንገር ነው።

የቤት እመቤቶች በዚህ ነገር ሊረዱ የሚችሉት ብዙ ነው። የዕድርና የዕቁብ ደብተር የምትይዝ ሴት አንድ ገጽ ብትጨምር ምን ይከብዳታል? የልጂቱ ስም በፓስፖርቱ እንዳለው፥ የአባልነቱ ቍጥር፥ የሄደችበትና የተመለሰችበት ቀን፥ ማይሉ የሚያልፍበት ጊዜ። ቦርዲንግ ፓስ የሚባለውን የመሳፈሪያ ወረቀት ደግሞ ማይሉ በሒሳቡ ላይ እስኪታይ ድረስ አለመጣል ነው፤ የጐደለ ቢኖር የሚጠየቀው በእሱ ነውና። የምሥጢር ቍጥሩ ግን በደብተሩ አይጻፍም።

በዚያች ሻይ ቤት ነገሩ በወሬ ብቻ አልቀረም። ልጂቱ ስልኳን አውጥታ፥ ፓስፖርቷን ከጉያዋ መዝዛ፥ ነጋዴው ፊደሉን እየቈጠረላት ተመዘገበች። አንድ ጊዜ የአባቷን ስም በለመደችው አጻጻፍ ጽፋ ነበርና አስደመሰሳት። ቍጥሩ በመጣ ጊዜ እናቲቱ «የእኔ ልጅ፥ ለእኔም ይጻፍልኝ፤ አንቺ ስልክሽ ሲጠፋ ለማን ልትጠይቂ ነው?» አሉ። ወረቀት ስላልነበረ ቡና ከተጠቀለለበት ካኪ ወረቀት ቀድደው ለእኛ ሰጡን፤ እኛም ቍጥሩን በጕልህ ጻፍንላቸው። «አብሽሩ እናቴ፥ ከእንግዲህ አይጠፋም» አላቸው ነጋዴው።

የመግቢያው ሰዓት ደርሶ ልጂቱ እናቷን ስማ ገባች። እናቲቱ አይሮፕላኑ ተነሥቶ ከተራራው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ቆመው አዩ። ከዚያም ያቺን የካኪ ቍራጭ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ደሴ የሚወጣውን መኪና ሊጠብቁ ሄዱ።